የተነሣው ተረከዝ፦ የድንጋይ ጠራቢው የያቢኩ ሴይሹን የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ እናሳውቃለን፦ ኮረብታው ላይ በቆመው የመምህር ኢሬይ ቺንሹ ሐውልት፣ የግራ እግሩ ተረከዝ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል እንደተነሣ ነው። ተለክቷል።

ያንን ሐውልት የጠረቡት ያቢኩ ሴይሹን፣ ከአባታቸው ከድንጋይ ጠራቢው ከያቢኩ ሴይኮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካማዶ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1939 በደቡብ ኦኪናዋ በአንዲት የሸንኮራ አገዳ መንደር ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንደራቸው ደረሰ። አባታቸው በጠረቡት፣ እንደ ዋሻ ሰው በሚያስገባ የቤተሰብ መቃብር ውስጥ ከእናታቸው ጋር ተደብቀው ተረፉ፤ አባታቸው ግን አልተመለሱም። ኋላ ሰው ሊያስፈራራቸው ሲሞክር፣ «እኔን? ከመቃብር የወጣሁትን?» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን አቋርጠው የአባታቸውን መሮ አነሡ። በ1955 የካራቴ ስልታችንን ከመሠረቱት ከመምህር ኢሬይ ጓሮ ለመማር ገቡ። መምህሩ እስኪያርፉ ድረስ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው ከኋላቸው ቆመው ተረከዛቸውን ሲያዩ ኖረዋል። በ1964 ወይዘሮ ፉሚን አግብተው ሴይጂንና ናኤን ወልደዋል።

በ1994 የካራቴ ማኅበራችን ለመምህሩ መታሰቢያ ሐውልት እንዲጠርቡ አዘዛቸው። መጋረጃው ሲገለጥ ሊቀመንበሩ አቶ ናካንዳካሪ ጭብጨባቸውን አቋረጡ።

«ጋሽ ሴይሹን፣ ተረከዙ ተነሥቷል እኮ!»

«አዎ።»

«የማኅበሩ መጽሐፍ ግን መሬት ይንካ ነው የሚለው!»

«እንግዲያው መጽሐፉን ማቆም ነበራ። እኔ ያቆምኩት ሰውየውን ነው።»

ማኅበሩ ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲያስረዱ የአንድ ወር ጊዜ ሰጣቸው፤ አለበለዚያ እግሩ ተሞርዶ ይስተካከላል ተባለ። እርሳቸው ብዕር አላነሡም። ምንጣፋቸውን፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብና አንድ ጃንጥላ ይዘው ከሐውልቱ ሥር ተቀመጡ። በሠላሳ አንደኛው ቀን መሞረጃ ይዞ የተላከው ጠራቢ የገዛ ተማሪያቸው ሺንዞ ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይነሡልኝ። የታዘዝኩት ነው።»

«መጀመሪያ የእኔን ተረከዝ ሞርድ።»

ሺንዞ መሞረጃውን አስቀምጦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ቶፉውን ለሁለት በሉት። ከዚያ ወዲህ ሊሞርድ የመጣ የለም።

ሊጠይቅ የሚመጣ ግን አላለቀም። ገሚሱ የምሥጢር ምት ነው አለ፤ ገሚሱ የመሮ ስህተት ነው አለ። የመንደሩ ልጆች ማንንም ሳይጠይቁ ተረከዛቸውን አንሥተው ይለማመዳሉ።

የስድሳ ዓመት የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን ጎድቶት፣ በመጨረሻው ክረምት አልጋ ያዙ። አቶ ናካንዳካሪም ወረቀት ይዘው መጡ። «አንዲት መስመር ብቻ ይበሉኝ፤ በሐውልቱ ላይ አጽፋታለሁ» ቢሏቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያቢኩ ሴይሹን መጋቢት 9 ቀን 2023 በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። ከባለቤታቸው ሌላ ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ነፍሳቸው በሕፃንነታቸው ባስጠለላቸው መቃብር፣ ከአባቶቻቸው ጎን በሰላም ትረፍ፤ ላዘኑትም ጽናት ይስጥልን።

ሟቹ በገዛ እጃቸው የጻፉት ቃል፣ ይህ ጽሑፍ ሲያልቅ፣ አቶ ናካንዳካሪ ከፊት ወንበር ተቀምጠው እየሰሙ እንዲነበብ አዘዋል። እነሆ፦

«መምህሬ እንዲያ ነበር የሚቆሙት። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አልናገርም።»