ጎብዬ በስልክ፣ ዋጃ በጩኸት

ለተከበሩ አቶ ይሁኔ
የመስኖ እርሻ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ
ቆቦ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳይበላሽ፣ የቆቦ ፀሐይ ሳይከብድዎ፣ በስብሰባም ብዛት ሳይደክሙ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በዋጃው እርሻ ያለን ሠራተኞችዎ፣ ለእግዚአብሔርም ለአላህም ምስጋና ይግባውና፣ በሕይወት አለን። «በሕይወት አለን» የምትለዋን ቃል እንደ ተራ የደብዳቤ ሰላምታ እንዳያልፏት በትሕትና እለምናለሁ፤ ባለፈው ሐምሌ ለጥቂት ሐሰት ልትሆን ነበርና።

ደምሴ እባላለሁ፤ የዋጃው እርሻ የውሃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስሜን የጠቀስኩት ይረሱኛል ብዬ አይደለም፤ በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ «የዋጃው ሰውዬ» ብለው ስለሚጠሩኝ፣ ምናልባት ሌላ ሰውዬም በዋጃ ካለ እንዳንምታታ ብዬ ነው። ደብዳቤዬን በግልጽ ማውጣቴም ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ። ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሁሉ፣ መቼም የሙጫው ጥንካሬ ይሆናል፣ እስካሁን ሊከፈቱ አልቻሉም።

ሰው ይህን አንብቦ «ደምሴ እኮ ቀንቶ ነው» እንደሚል አውቃለሁ። ማንም እንዳይደክም እኔው ልናገር። አዎ፣ ቀንቻለሁ። በጎብዬው እርሻ ቀንቻለሁ፤ በጎብዬው ኃላፊ በኸይረዲን ቀንቻለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን በኸይረዲን ስልክ ቀንቻለሁ።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለዚሁ ስልክ ነው። እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትን ለሌላው አንባቢ ላስረዳ። በሁለቱም እርሻዎች ሠራተኛው የሚነጋገረው በእጅ በሚያዝ ሬዲዮ ነው፤ ቁልፉን ተጭኖ ይናገራል፣ ለቅቆ ያዳምጣል። ይህ ሬዲዮ ከእርሻው ድንበር ብዙም አይርቅም። ባለፈው ዓመት ድርጅታችን በቆቦው ቢሮ ጣሪያ ላይ ረጅም አንቴና አቆመና ከሥሩ አንዲት ሳጥን አስገጠመ። ሳጥኗ የእጅ ስልክን ከሬዲዮ ጋር ታገናኛለች። ኃላፊው የትም ቦታ ሆኖ በስልኩ ሲናገር፣ በእርሻው ውስጥ ያለ ሬዲዮ ሁሉ ድምፁን ይሰማል፤ ሠራተኛው በሬዲዮ ሲመልስም ኃላፊው በስልኩ ይሰማዋል። እንዲህ ያለውን ጥበብ ስላመጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ስላመጡላቸው» ለማለት ፈልጌ ነው፤ ሳጥኗ የምትሠራው ለጎብዬ ብቻ ነውና።

ኸይረዲንና እኔ በአንድ ቀን የተቀጠርን ነን። ያኔ ቆቦ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ሳህን ሹሮ ለሁለት እየበላን ነው ሥራ የለመድነው። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ለገበያ ጎብዬ ወርጄ ካፌ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሻዩን እያማሰለ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና፣ «ታሂር፣ የታችኛውን ሞተር አጥፋው፤ ውሃው በቃው» አለ። ከስልኩ ውስጥ «እሺ ጋሼ፣ ጠፍቷል» የሚል ድምፅ መጣ። ኸይረዲንም ሻዩን ማማሰሉን ቀጠለ።

እኔ ሞተር ለማስጠፋት ምን እንደማደርግ ክቡርነትዎ ጠይቀውኝ አያውቁም። ከእርሻው ከወጣሁ ሬዲዮዬ ጌጥ ነውና እዚያው ትቼው እወጣለሁ። ስለዚህ ከዋጃ ከተማ በባጃጅ እመጣለሁ፣ መንገዱ ዳር ካለው የአፈር ቁልል ላይ እወጣለሁ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እጮኻለሁ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ገበሬ ጩኸቴን ሰምቶ በታዛዥነት የራሱን ሞተር አጠፋ፤ የእኛው ግን ማጉረምረሙን ቀጠለ። ለጉሮሮዬ ጥንካሬ ያበረከቱትን አስተዋፅኦ መቼም አልረሳውም።

ሁለተኛ፣ «ማንኛውም ሠራተኛ ሬዲዮ ስላለው በሥራ ሰዓት የግል ስልክ እንዳይዝ» በማለት ያወጡት መመሪያ ነው። ጥበብ የሞላበት መመሪያ ነው፤ ሠራተኛው ሽንኩርት መኮትኮቱን ትቶ ስልክ ሲነካካ አይውልም። በጎብዬ ማንንም አልጎዳም፣ ኃላፊያቸው በፈለገው ሰዓት ያገኛቸዋልና። በዋጃም በታማኝነት ተፈጻሚ ሆኗል። የበራችን ጠባቂ ዋሲሁን የሁሉንም ስልክ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፤ ሰውየው ሕግ አክባሪ ስለሆነም ከሁሉ በፊት የሚቆልፈው የራሱን ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ታግሠው ያንብቡልኝ።

በሐምሌ ወር «የልምድ ልውውጥ» ብለው ሁላችንንም ቆቦ አዳራሽ ጠሩን። ጎብዬ ልምድ አካፋይ፣ ዋጃ ልምድ ቀሳሚ ተብለን በሁለት ወገን ተቀመጥን። ሳጥኗን ከጣሪያ ሥር አውርደው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋታል፤ የገጠመቻት ባለሙያ ሂባ አጠገቧ ናት። ኸይረዲን መድረክ ላይ ወጥቶ በስልኩ ጎብዬ ካሉት ሠራተኞቹ ጋር ተነጋገረ፤ እነሱም በሬዲዮ «ሰላም ነው ቆቦ?» ብለው መለሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ሲያጨበጭብ ደረቴ ውስጥ እንደ በርበሬ የሚያቃጥለኝን ነገር ግን ማንም አላየልኝም።

በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። በድረዲን ነው፤ ከእኛ በላይ፣ ከተራራው ግርጌ የሚያርስ ገበሬ። «ደምሴ!» አለኝ እየጮኸ፣ «ደጋው ላይ ዘንቦ ወንዙ እየወረደ ነው! ወላሂ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። ሰዎችህን ከመሃል አስወጣ!»

ክቡርነትዎ ዋጃን የጎበኙት ከመኪናዎ ሳይወርዱ ስለነበር ቦታውን ልግለጽልዎ። የሽንኩርት መሬታችን ያለው በሁለት ደረቅ ወንዞች መካከል ነው። ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ እነዚያ ወንዞች በድንገት ይሞላሉ፤ ሲሞሉም መሃሉን ያጥለቀልቁታል። የዚያን ቀን ሞተሩን የምታንቀሳቅሰው ራቢዓ፣ ሽንኩርት ከሚኮተኩቱ ሴቶች ጋር እዚያው መሃል ላይ ነበረች። ጭንቅላታቸው ላይ ፀሐይ ነው፤ ምን ብለው ይጠርጥሩ?

ዋሲሁን ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ራቢዓ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ያገኘሁት ሠራተኛ ቁጥር ሁሉ ይጠራል፤ በመመሪያዎ መሠረት በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ በአንድነት ይጠራል።

ብድግ ብዬ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዋጃ ላይ ጎርፍ መጥቷል» አልኩ። የመለሱልኝን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «የዋጃው ሰውዬ፣ ጥያቄ ከሻይ በኋላ ነው» አሉኝ። ለሥነ ሥርዓት ያለዎትን ጽናት ያደነቅሁት ያኔ ነው።

ወደ ሂባ ሮጥኩ። «እህቴ፣ ይቺ ሳጥን ዋጃን ታገኛለች?» አልኳት።

«አንቴናው ይደርሳል» አለች። «ቻናሏን ወደ እናንተ መቀየር ብቻ ነው። ግን የተፈቀደው ለጎብዬ…» ብላ ወደ እርስዎ ተመለከተች። እርስዎም ስለ አሠራር፣ ስለ ቅድሚያ ፈቃድ፣ በጽሑፍ ስለሚቀርብ ጥያቄ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ጀመሩ። ሂባ እስኪጨርሱ አልጠበቀችም፤ ዞራ ቻናሉን ቀየረችው። ዓረፍተ ነገርዎ ሳይቋጭ በመቅረቱ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሳጥኗ የምታውቀው ስልክ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የኸይረዲን። ቀና ስል ኸይረዲን ከመድረኩ ወርዶ አጠገቤ ቆሟል። ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «ይቺን ተጭነህ ተናገር፣ ደሜ» አለኝ። ደሜ ብሎ ከጠራኝ ስንት ዘመኑ!

«ራቢዓ! ራቢዓ! ደምሴ ነኝ፤ ትሰሚኛለሽ?»

ደገምኩ። ከዚያ የተቆራረጠ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ ደምሴ? ከየት ነው የሚያወሩት? ቆቦ አልሄዱም እንዴ?»

«ወንዙ መጥቷል። ሴቶቹን ይዘሽ አሁኑኑ ወደ መንገዱ ውጪ!»

«እሺ፣ ሞተሩን ላጥፋና…»

«ተይው ሞተሩን! ሩጪ!»

ራቢዓ የሬዲዮውን ቁልፍ እንደጨበጠች ሮጠች መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሰማነው። ሴቶቹን በየስማቸው ስትጠራ፣ አንዷ ስትወድቅ፣ «ተነሽ፣ ነጠላውን ተይው!» ስትላት፣ እርጥብ አሸዋ ሲረገጥ። ቀጥሎ ከሩቅ እንደሚመጣ የጭነት መኪና ያለ ጉርምርምታ ተሰማ፤ እያደገ፣ እያደገ ሄደና ድምፁ ተቋረጠ።

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። እርስዎም ቆመው ነበር፤ ይህን እመሰክርልዎታለሁ።

በመጨረሻ ስልኩ ተንሿሿና «ወጥተናል» አለች ራቢዓ፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ወጥተናል። ሞተሩ ግን ሄደ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኸይረዲን ውሃ አመጣልኝ። ጠጣሁ፤ ስልኩን ግን ወዲያው አልመለስኩለትም። ትንሽ ላቆየው ፈለግሁ።

አራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ስላደረጉልን ነገር ሁሉ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ሳጥኗ «ለዋጃ ቋሚ ፈቃድ ስለሌለ» ወደ ጎብዬ ቻናሏ ተመለሰች። ሂባ ያለ ፈቃድ ቻናል በመቀየሯ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ቀጥሎም በዚያው አዳራሽ «በዘመናዊ ግንኙነት የዋጃን ሠራተኞች ሕይወት ላተረፈ» ለጎብዬው ኃላፊ የምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰጠ። በዋጃ ስም የምስጋና ቃሉን እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አነበብኩት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ስሜት የነካኝ መሰለው፤ በእርግጥም ስሜት ነው የነካኝ።

በጣም ያናደደኝን ልንገርዎት? ኸይረዲን ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ «እኔ ስልክ ነው ያቀበልኩት። ቻናሉን የቀየረችው ሂባ ናት፤ የተናገረው ደምሴ፣ የሮጠችው ራቢዓ ናት። ይልቅ ሳጥን ለዋጃም ግጠሙላቸው» አለ። እርስዎም አጨብጭበው «ትሕትናውን ተመልከቱልኝ!» አሉ። ወገኖቼ፣ የቀናሁበት ሰው ክፉ ቢሆንልኝ በስንት ጣዕሙ! ሰው በጥሩ ሰው ሲቀና ሐሜቱ እንኳ አፉ ላይ አይጣፍጥም።

አሁን ያለንበትን ላሳውቅና ልጨርስ። በሳምንቱ ራቢዓ ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ስልኬን ሳልይዝ ወደ መሃል አልሻገርም። የሚያባርሩኝ ከሆነ ያባርሩኝ» አለችኝ። ከኋላዋ ሴቶቹ ሁሉ ቆመዋል። ምን እንደምላቸው ሳስብ ዋሲሁን ሳጥኑን ተሸክሞ መጣና ከፈተው። ያ ሕግ አክባሪ ሰው ስልኮቹን አንድ በአንድ አደላቸው። ስለዚህ የዋጃ እርሻ በሙሉ መመሪያዎን እየጣሰ መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ቅጣት ካለ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝና ከእኔ ይጀምሩ፤ እነሱን ግን አይንኩብኝ።

ጥያቄያችን አጭር ነው። አንቴናው ይደርሳል፤ ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል። ለዋጃም አንዲት ሳጥን ይግጠሙልን። ከጎብዬ እኩል መሆን ነው የምንፈልገው፤ መብለጥ አላማረንም። እኔ በግሌ ግን ብበልጥ አልጠላም።

ለቆቦ ሜዳ ልማት የሚደክመው አንደበትዎ ሳይዝል፣ የሚያጨበጭቡት እጆችዎ ሳይላሉ፣ የጀመሯት ያቺ ዓረፍተ ነገርም አንድ ቀን በሰላም ተቋጭታ ለማየት ያብቃን እያልኩ፣ ጉሮሮውን ለድርጅቱ የሰጠ፣ ከልቡ የሚያከብርዎና ከልቡ የሚቀና ታዛዥዎ፣

ደምሴ፣ የዋጃው ሰውዬ

ተጨማሪ፦ ጎርፉ የወሰደውን ሞተር ሳምንት ሳይሞላ በአዲስ ስለተኩልን ሠራተኛው ሁሉ ተደስቷል። ራቢዓን ወስዷት ቢሆን ኖሮም እንዲሁ በፍጥነት በአዲስ እንደሚተኩልን አንጠራጠርም።