የዋቅጅራ ከረባት

ይድረስ ለእህቴ ለየሺአረግ፤ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ባለቤቴ ዋቅጅራ ከዐቃቤ ሕግነቱ ለቅቆ ቦሌ መንገድ ላይ የራሱን የጥብቅና ቢሮ ከፈተ። ድሮ «ጓድ» ይሉት የነበሩ ነጋዴዎች አሁን «ጌታዬ» እያሉ ደጁን ይጠናሉ። ካኪውን ጥሎ ከረባት አዘውትሯል፤ ማሰሩን ግን ስለማያውቅበት በየጠዋቱ የማስርለት እኔ ነኝ።

ደብሪቱ የምትባል ጸሐፊም ቀጥሯል። «እጇ እንዴት ፈጣን መሰለሽ!» እያለ ያወራልኛል፤ ይቅናት።

ትናንት ማታ ሲመለስ የከረባቱን ቋጠሮ እኔ ካሰርኩት የበለጠ አምሮ አገኘሁት። «ሞቆኝ ፈትቼው ነበር» አለኝ፤ በዚህ በሐምሌ ብርድ! እራቱን አቀረብኩለት።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። አንቺም ለባልሽ ስታስሪለት አይሽ ነበር፤ የማይፈታ ቋጠሮ ካወቅሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

እህትሽ አሰገደች