በተዝካርሽ ቀን የነደዱት ብሩሾች

የሺዬ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሄደ ሰው ይባል አይባል ስላላወቅሁ ተውኩት። ከተለየሽኝ ስድስት ወር ሞላ። እስከዛሬ ዝም ያልኩት የምነግርሽ ነገር ስላሳፈረኝ ነው። አሁን ቀለል ብሎኛል፣ ስሚኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፍኗል። የልብስ ስፌት መኪናዬንም ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ አሥር ዓመት ስትለምኚኝ እምቢ ያልኩሽን። እውነትሽን ነው፣ ብርሃኑ ይሻላል። ወጥ መሥራት ግን አሁንም አልሆነልኝም፤ እህትሽ በላይነሽ ባትኖር ኖሮ በድንች ቅቅል ብቻ ነበር የምከርመው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አልጋ ላይ ሳለሽ አደራ ያልሽኝ አንድ ነገር ነበር፤ አልጋው ሥር ያለውን ማዳበሪያ ከረጢት ለምታስተምሪያቸው ሕፃናት መስከረም ላይ እንድሰጥልሽ። የሁለት ዓመት ልፋትሽ ነበር። ከፍየል ጸጉርና ከመጥረጊያ እንጨት የሠራሻቸው ብሩሾች፣ ክር ባለቀባቸው ማጠንጠኛዎች ላይ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያበጀሻቸው ቀለም ማንከባለያዎች፣ ከነጠላ ጫማ ሶል የቆረጥሻቸው ማኅተሞች። ጫማዬን ፈልጌ ፈልጌ ዶሮና ኮከብ ሆኖ ያገኘሁት ቀን እንዴት እንደተኳረፍን አልረሳውም።

አርባሽ ሐምሌ ላይ ዋለ። ዝናቡ አላባራ፣ እንጨቱ እርጥብ፣ ድስቱ አልፈላ አለ። በላይነሽ እሳት ማያያዣ ስትጠይቀኝ፣ አልጋ ሥር ያለውን የቁርጥራጭ ጨርቅ ማዳበሪያ ውሰጂ አልኳት። ሁለት ማዳበሪያ ጎን ለጎን እንዳለ በዚያ ሐዘን ውስጥ ልብ አላልኩም። እሷም አፉ እንደታሰረ ማገደችው፤ እሳቱማ ተያያዘ። ድንኳን ውስጥ ከካህናቱ ጋር ተቀምጬ የተቃጠለ ጸጉር ሲሸተኝ ነው የገባኝ። ሮጬ ስደርስ ከድስቱ ሥር የጫማው ሶል ብቻ ይንጨረጨር ነበር። ወጡ ጣፈጠ ብለው ሲመርቁኝ አሜን ማለት አቃተኝ። ለበላይነሽም አልነገርኳትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

መስከረም ሲጠባ አደራ በላ ሆንኩ። አንቺን የተካችውን ወጣት መምህርት ገበያ ውስጥ ካየሁ መንገድ እቀይር ነበር። ሕፃናቱ ባዶ እጃቸውን ወረቀት ፊት ተቀምጠው ይታዩኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን መምህርቷ ስድስት ልጆች አስከትላ የስፌት ሱቄ ደጃፍ ከች አለች። መግቢያ አጣሁ። ሳትጠይቀኝ ሁሉንም ተናዘዝኩላት። እሷ ግን ስለ ከረጢቱ የምታውቀው ነገር አልነበረም። የመጡት ባዶ ማጠንጠኛና ቁርጥራጭ ጨርቅ ሊለምኑኝ ነው፤ መንገድ የመሯትም አምና አንቺ ጋ የነበሩት ልጆች ናቸው፣ የእትዬ የሺ ባል ጋ አይጠፋም ብለው። መቃጠሉን ሲሰሙ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጥሩ ነደደ ወይ ብለው። ጥሩ ነደደ አልኳቸው።

ከዚያ ደጃፌ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከቆዳ ነጋዴው ደጅ የለቀሙትን የፍየል ጸጉር አወጡና በእንጨት ጫፍ ላይ በክሬ ያስሩ ጀመር። ልርዳ ብዬ የአንዱን ብሩሽ ጫፍ በመቀስ ሳስተካክል አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ መቀሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጫፉ አይቆረጥም፣ ከተቆረጠ ወረቀት ይቧጭራል፣ የሚቆረጠው ከሥሩ ነው ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋ ያንቺው ነው፣ እጇን ወገቧ ላይ ማድረጓ ሳይቀር። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ።

አሠራሩን አስተምረሻቸው ኖሯል። እኔ የማውቀው ከረጢቱን ብቻ ነበር።

አሁን ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ። ባለፈው እንሶስላ ቀጥቅጠው ቀይ ቀለም ሲያወጡ የደንበኛ ቀሚስ ላይ ረጩብኝ፤ ተጣላን፣ ወዲያው ታረቅን። ቀሚሱን ግን በአዲስ ጨርቅ ሰፋሁት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብርሽ ጋ መጥቼ ነበር። ቀድሞ ስመጣ ተሳልሜ ብቻ እመለስ ነበር፤ ፊትሽ መቀመጥ ከብዶኝ። ያን ቀን ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ፀሐይዋ እስክትበረታ አልተነሳሁም። በሕይወት እስካለሁ ስምሽን በየወሩ አስጠራለሁ፣ አልረሳሽም። ከእንግዲህ ስመጣም ቶሎ አልሄድብሽም።

ባልሽ ታደሰ