ከአባባ ወንዝ የመጣው አኻያ

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ዛሬም የታክሲ ሰልፍ አንድ ሰዓት አቁሞኝ፣ እግሬ አብጦ ነው መካኒሳ የደረስኩት። ስገባ እማዬ ጓሮ ጎንበስ ብላ አኻያውን ታጠጣለች።

ቅርንጫፉን በነሐሴ ከአባባ አገር፣ ራሱ ወንዝ ዳር ከተከለው ዛፍ ቆርጬ ነው ያመጣሁት። ዛፉን ለመንገድ ሥራ ጥለውታል። የቀረን ይቺው ክንድ የምታህል እንጨት ናት። ሥር ይዛ፣ ቅጠል አውጥታ ነበር። ሰሞኑን ግን ቅጠሏ እየገረጣ፣ እኔ አፈሩን ስረግም ሰነበትኩ።

ጆጉን ልቀበላት ስጠጋ በረኪና ሸተተኝ። ውሃ በፈረቃ በሳምንት አንዴ ስለሚመጣ እማዬ ጠብታ አትደፋም። ለካ ነጠላዋን ያጠበችበትን ውሃ ነው ስታጠጣው የከረመችው!

«የአባትሽ ነው፤ እንዳይጠማው ብዬ» አለችኝ።

እየገደልሽው ነው እንዳልላት፣ አባባ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ደስ ብሏት የምትነሳው ለአኻያው ብቻ ነው።

ለጸሎት ስትገባ፣ ለሳምንቱ ካስቀመጥናቸው ሦስት ጀሪካኖች አንዱን ሙሉውን ሥሩ ላይ ገለበጥኩት፤ በረኪናውን ቢያጥብልኝ ብዬ። ስትወጣ ባዶውን ጀሪካን አየችው።

«ተደፋብኝ» አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ።

«ደክሞሽ ነው ልጄ። ለሱ እንደሆነ አታስቢ፤ ነገ አንሶላዎቹን አጥባለሁ፣ የሚጠጣው አያጣም።»

«እሺ እማዬ» አልኳት።