ከእኔ በቀር ሁሉም ያወቀው ውሃ

ጥር 4
ዛሬ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ስሌት ግማሹን በሆዴ አጠፋሁት። ዞር ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀሚሴ ጠመኔ በጠመኔ። ፊት የምትቀመጠዋ ለፍላፊ፣ "ቲቸር፣ መንታ ነው አይደል?" አለችኝ። አንድ ነው አልኳት። "ታዲያ ምን በልቶ ነው?" አብሬያቸው ሳቅሁ... ምን አደርጋለሁ።
ሠላሳ ሦስተኛ ሳምንቴ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በጀርባ መተኛትማ ቀረ። እትዬን ጠየቅኋት። "የእኛ ቤት ሴት ሆዷ ትልቅ ነው፤ አታካብጂ" አለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በዚያ ላይ የምከታተልበት ክሊኒክ ነርስ። እሷ ካለች ምን ያስጨንቀኛል?

ጥር 9
እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለ። በባሌ ነጠላ ጫማ ሥራ ገባሁ። ርእሰ መምህሩ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።
ባሌ ሰሞኑን ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚያቀርብልኝ። "ለጤና ነው" ይላል። ከመቼ ወዲህ?

ጥር 13
እትዬ ፈቃድ ላይ ስለሆነች ሌላ አዋላጅ አየችኝ። ሆዴን በሜትር ለካች። ደግማ ለካች። ካርዴን ገለጠች።
"የስኳር ምርመራሽ ውጤት የታለ?"
"የምን ስኳር?"
"ሠላሳኛው ሳምንት ላይ የሽርት ውሃሽ በዝቶ ታይቷል እኮ። ስኳር ትመርመር፣ ሆስፒታል ትሂድ ይላል። ለቤተሰብ ተነግሯልም ይላል።"
"ለየትኛው ቤተሰብ?"
ካርዱን አዞረችልኝ። ከታች የባሌ ፊርማ። ከላይ ያለው ጽሑፍ የእትዬ። ያንን የእጅ ጽሑፍ የት አጣዋለሁ... ፊደል ያስቆጠረችኝ በእሱ ነው።
አዋላጇ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሽሉ የሚዋኝበት ውሃ ከልኩ በላይ ሆኗል። ድንገት ከፈሰሰ እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። "ከፈሰሰ አንድ እርምጃ እንዳትራመጂ። ተኝተሽ አምቡላንስ አስጠሪ።"
አራት ሳምንት ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ።

ጥር 14
ምሳ ላይ ጠየቅሁት። ማንኪያውን አስቀመጠ።
"አምና ሲጨነግፍብሽ ወር ሙሉ አልተናገርሽም። እንደገና እንዳትወድቂብን ፈራን።"
"እና ስኳሩን ከሻዬ ደበቅህ?"
አንገቱን ደፋ። እኛ፣ ፈራን... እነሱ እኛ ሲሆኑ እኔ ማን ነኝ?
ሳይደውልላት አልቀረም፣ እትዬ እየሮጠች መጣች። "ለአንቺ ብዬ ነው! ብዙ ጊዜ በራሱ ይቀንሳል። ቀንሶ ሲገኝ ልነግርሽ ነበር።"
"ደረጃው ላይ ቢፈስስብኝስ?"
በሩን ከፈትኩላት። ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች።
አምናም ያለቀስኩት እሷ ጭን ላይ ነበር።

ጥር 17
ስኳር አለብኝ። ሆስፒታል መርፌ አስጀመሩኝ። ልጁ ደህና ነው፤ ግን ውሃው ሰፍቶለት ይገለባበጣል፣ ጭንቅላቱ አልረጋም። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ።
ለባሌ የአዋላጇን ቃል ነገርኩት። ሁለቴ አስደገምኩት።

ጥር 25
እትዬ ስድስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም።

የካቲት 7
እስከ ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም። የካቲት 3 ጠዋት ልብስ ሳጥፍ ፈሰሰ... ፈሰሰም አይባል፣ በርሜል ነው የተገለበጠው። ባሌ ክንዴን ይዞ፣ "ተነሺ፣ ታክሲ ልጥራ!"
"አልነሳም! ምን አልኩህ?"
እዚያው ወለሉ ላይ በጎኔ ተኛሁ። ትራስ ከዳሌዬ ሥር አስገባ፤ አምቡላንስ ጠራ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ እጇን አስገብታ፣ "እትብቱ ወርዷል" አለች። ኦፕራሲዮን ክፍል እስክገባ ድረስ የልጄን ጭንቅላት ከእትብቱ ላይ ገፍታ እንደያዘች ነበር።
ሴት ናት። ቆይታ ነው ያለቀሰችው። ስንት ደቂቃ እንደቆየች እስካሁን አልጠየቅሁም።
ሐኪሟ ስትጎበኘኝ፣ "ተራምደሽ ቢሆን ኖሮ..." አለች። አልጨረሰችውም።
ባሌ ኮሪደር ላይ ሲያለቅስ ሰማሁት። አላዘንኩለትም። አንድ ቀን አዝንለት ይሆናል።

የካቲት 16
ቤት ገባን። ከሰዓት በር ተንኳኳ። እትዬ። የቤታችን ቁልፍ አላት፤ አንኳኩታ አታውቅም ነበር።
"ልግባ?"
"ግቢ።"
ልጅቷን ታቀፈቻት፣ አገላበጠቻት። መስኮት ጋ ወስዳ ዓይኗን አየች። ፊቷ ተለወጠ። ቀና ብላ ወደ ባሌ ተመለከተች... እንደገና ለእሱ? ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።
"ዓይኗ ቢጫ ብሏል። አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ግን ዛሬውኑ ይታይ።"
"እሺ።"
"ልሸኝሽ?"
"አይ።"
ልጄን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ሐኪሙ መረመራት፤ እትዬ ልክ ነበረች፣ ቀላል ነው። ወረቀቱን እዚያው ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።
ስመለስ እትዬ ደጃፉ ላይ ቆማለች። "ምን አሉሽ?" አለችኝ። ያልሽውን ነው ያሉት፣ አልኳት። እፎይ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።
የተናገረችው እውነት ነበር። ግን በሌላ ሰው ሳላስመረምር አላመንኳትም። ለእሷ ይህን አልነገርኳትም... የምታውቀው ይመስለኛል።