ያቺ ቀይ ሞተር ሰቆጣ ገባች

ኪሮስ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከቤት ከወጣህ ሁለት ክረምት አለፈ። እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ ያለህበትን አላውቅም፤ የሚያውቁትም አልነገሩኝም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት አገር ሁሉ ያየው ነገር ላንተ ብቻ ሳይነገርህ እንዳይቀር ብዬ ነው። ሞተሯ መጣች።

እንደ ደንቡ የቤቱን ላስቀድም። ትርሐስ ትምህርት ቤት ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሌላ በቅሏል፤ አንተ የምታውቃቸው አንዳቸውም የሉም። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። እናትህ ደህና ናቸው፤ ማልቀስ የተከለከለ ሰው ደህና የሚሆነውን ያህል። ያ የሞተር ሥዕልህ ተለጥፎበት የነበረው ግድግዳ ጭስ ስላልነካው ነጥቶ ቀረ። ቀበሌው በየቤቱ የሚሰቀለውን የመሪ ሥዕል ሲያድል እዚያው ላይ ሰቀልኩት። ሥዕሉ ግን ካንተ ሞተር ያንሳል፤ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ተርፏል። ሊቀመንበሩ ቤት ሊያይ መጥቶ «ዙሪያውን ለምን ነጭ ቀባሽው?» ቢለኝ «ጎልቶ እንዲታይ» አልኩት። በጣም ተደሰተ፤ ለሌሎችም ይህንኑ መክሯል አሉ።

እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ከሦስቱ ወዳጆችህ ጋር ከመንገድ ሥራው ጋራዥ ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣችሁ የምትጨቃጨቁት አይረሳኝም። ያንን ሥዕል ያገኘኸው ሐጂ ሰይድ ሱቅ፣ ስኳር ተጠቅልሎበት ነበር። ከፈረንጅ መጽሔት የተቀደደ ገጽ፤ አዲስ የወጣች ቀላል የእሽቅድድም ሞተር፣ ቀይ፣ ወገበ ቀጭን። ስኳሩን በኮፍያህ ገልብጠህ ወረቀቱን በሁለት እጅህ ይዘህ ገባህ። እውነትም፣ የአውራጃውን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የምታመላልስባት ያቺ አሮጌ ሞተር ሁለት ሰው ካልደገፋት የማትቆም ነበረችና እንደዚያ መሆንህ አልገረመኝም።

ጋሽ ባየ፣ የጋራዡ መካኒክ፣ ሥዕሉን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው «ይቺ ሞተር አይደለችም፣ ፌንጣ ናት። ክብደት የሌለውን ነገር ቁልቁለት ላይ አላምነውም» ይላሉ።

አንተ «ክብደት ለበሬ ነው ጋሽ ባየ» ትላቸዋለህ።

ሐጂ ሰይድ ደግሞ «ኮርቻዋ ላንድ ሰው ብቻ! ዕቃውስ? የሠራት ሰው ነጋዴ ዘመድ የለውም» ብለው ይስቃሉ። መሪጌታ ሐዲስ፣ በዕድሜያቸው ሞተር ላይ ተቀምጠው የማያውቁት፣ «ድምጿን ሳልሰማ አልፈርድም፤ ዜማ በወረቀት አይለይም» ይላሉ። ማናችሁም በዓይናችሁ ያላያችኋትን ሞተር እንዲህ ስታሙ፣ ስታወድሱ ጀምበር ትጠልቃለች። እኔ ለአንተ ቆሎ ይዤ መጥቼ ዳር ቆሜ እሰማ ነበር፤ ከስብከትም ከንግግርም የሚሻል ጨዋታ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው «ስብሰባ አለ» ብሎ ለቀበሌው ነገረ። ያልተፈቀደ ስብሰባ ኅቡዕ ነው፤ ኅቡዕ ደግሞ ዓላማ አለው። አራታችሁንም አስረው ለየብቻ «ዓላማችሁ ምንድን ነው?» ሲሏችሁ አራታችሁም «ሞተር» አላችሁ። ቃላችሁ ስለተመሳሰለ ተመካክራችኋል ተባለ። ኪሮስ፣ መምህር ነኝና የሚላክልንን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ግዴታዬ ነው፤ አንብቤአለሁ። ስለ ምርት መሣሪያ ብዙ ይላል። ሰው አንድን መሣሪያ እንዲሁ ለዓይኑ ብሎ ሊወደው ይችላል የሚል ግን የትም ገጽ ላይ አላገኘሁም። መርማሪውም ያነበበው ያንኑ ነው።

አንተ «ሥዕሉ የኔ ነው፤ የሰበሰብኳቸውም እኔ ነኝ» አልክ። ሦስቱ ተፈቱ። አንተ ቀረህ። አንድ ቀን ስንቅህን ይዤ እስር ቤቱ ስመጣ ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰልኝና «ከእንግዲህ አትድከሚ» አለኝ። ይኸው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፀሐዩ በርትቷል፣ በጥላው በኩል ሂጂ ብሎኛል።

ልቅሶ እንዳንቀመጥ ታዘዝን። ጥቁር መልበስ ከፀረ-አብዮተኛ ጋር ማበር ነው ተባለ። ሬሳህን አልሰጡንም፤ የሞትክበትን ቀን እንኳ አልነገሩንም፤ ስለዚህ አርባህም ሙት ዓመትህም አልወጣም። እናትህን ያከሰላቸው ይኼ ነው። «ሞትስ ለሁሉም ነው፤ ልጄ ሳይለቀስለት ይቅር?» ይላሉ፣ ደጃፉን ዘግተው፣ በሹክሹክታ። የሚጠይቁኝ እኔን ነው።

ወዳጆችህማ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠብቃሉ። መሪጌታ ጫማቸው ማሰሪያ የለውም፤ ቢሆንም ጎንበስ ይላሉ። ሐጂ ሰይድ ጨው ሲመዝኑልኝ ሚዛኑን እንጂ እኔን አያዩም፤ ምርቃቱን ግን ከሌላው ሰው አብልጠው ይጨምሩልኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ካንተ ሞት ያተረፍኩት ይኼን እፍኝ ጨው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው ጥር ከወልድያ በኩል በጭነት መኪና፣ በሸራ ተጠቅልላ መጣች። ጽሕፈት ቤቱ የጠየቀው ለየገጠሩ እህል የሚያደርስ ጠንካራ ሞተር ነበር አሉ። የደረሰው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተለገሰ የእሽቅድድም ሞተር ሆነ። ስጦታ አይመለስም፤ ስለዚህ በዓል ተደረገ። ገበያተኛው ከገበያው፣ ተማሪው ከክፍሉ ወደ አደባባይ ተነዳ። መቅረት ስለሚያስጠይቅ እናትህም ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ።

ሸራው ሲገለጥ እሷው ናት። ያንተዋ ከኢምፔሪያሊስት መጽሔት ነበረች፣ ይቺ ከወዳጅ አገር ናት፤ መንኮራኩሩ ግን በሁለቱም ሥርዓት ክብ ነው። ቀይ፣ ወገበ ቀጭን፣ መሪዋ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ የሚነዳት ሰው በደረቱ ተኝቶ የሚሄድባት። አንተን ያስበላች ነገር በአበባ ተሸልማ ቆማለች፣ አጨብጭቡ ተባልን። አጨበጨብኩ። እጄ የኔ አልመሰለኝም፤ ግን አጨበጨብኩ።

ጎረምሳው ተጋፋ። አንዱ «በአንድ ትንፋሽ ኮረም ትደርሳለች» ይላል፣ ሌላው «አንተ ተቀምጠህባት እንኳን ኮረም ወንዙም አትደርስ» ይለዋል። ከጋዝጊብላ የመጣ አንድ ገበሬ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና በዓሉን የሚመራውን ካድሬ ጠየቀው፣

«ስንት ጆንያ ትጭናለች?»

«አትጭንም። የፍጥነት ሞተር ናት።»

«ምን ትበላለች?»

«ቤንዚን።»

ገበሬው ራሱን ነቀነቀ። «ሳትሠራ የምትበላ ከሆነችማ ባላባት ናት፤ እነሱን አስወግደናል አላላችሁም?» አለ። የሳቀ ሰው የለም። ሁላችንም መሬት መሬት እያየን ትከሻችን ብቻ ተንቀጠቀጠ።

ቀጥሎ «የከተማው የሞተር ዐዋቂዎች አስተያየት ይስጡ» ተባለና ሦስቱ ወዳጆችህ ተጠሩ። በሞተር ዐዋቂነታቸው ታስረው የነበሩት፣ በሞተር ዐዋቂነታቸው መድረክ ወጡ። ሐጂ ሰይድ «የወዳጅነት ፍሬ ናት» አሉ፤ ሌሊቱን ሲያጠኑት ያደሩ ይመስላሉ። መሪጌታም እንደዚያው። ጋሽ ባየ ግን የኋላ እግሯን በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው መዘኗትና ያሉበት ቦታ ጠፋቸው መሰለኝ፣ «ብያለሁ እኮ፤ ፌንጣ ናት» አሉ። ሐጂ ሰይድ በጥፊ የተመቱ ያህል ደነገጡ። ካድሬው «ፌንጣ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ። መሪጌታ ቶሎ ብለው «ዝላይዋን ማወደሳቸው ነው ጓድ፤ የአብዮቱ ዝላይ» አሉ። ተጨበጨበ።

ካድሬው ተቀመጠባትና ረገጣት። አልተነሣችም። ደጋግሞ ረገጣት፤ ላብ በላብ ሆነ። ጋሽ ባየ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ በከንቱ አትልፋ፤ ጠብታ ቤንዚን የለባትም» አሉት። መንገድ ላይ ማን እንደቀዳው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ካድሬውም «እንግዲያው አንተ ይዘህ አዙራት፤ ሕዝቡ ይያት» አለ። አባቱ የሚሆኑትን ሰው።

ኪሮስ፣ የኛን አገር ልቅሶ ታውቃለህ። ወንድ ልጅ ሲሞት በቅሎው ትጫናለች፤ ኮርቻዋ ባዶውን፣ በወዳጁ ተስባ፣ በለቀስተኛው መሀል ቀስ ብላ ትዞራለች። ያን ጊዜ ድንጋይም ያለቅሳል። ጋሽ ባየ ሞተሯን በግራ በኩል ቆመው መሪዋን ያዙ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ጋቢያቸው እንደ ለቀስተኛ ተዘቅዝቆ ቀስ ብለው መራመድ ጀመሩ። ሐጂ ሰይድ ሳይታዘዙ ከኋላ ተከተሉ። መሪጌታ በቀኝ ሆነው መዳፋቸውን ባዶው ኮርቻ ላይ አሳረፉ። ጩኸቱ ጠፋ፤ ጠጠር ላይ የሚሄደው ጎማ ብቻ ይሰማል።

ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ እናትህ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

ሙሾውን በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነበር የጀመሩት። «ኮርቻው ባዶውን መጣ፣ ጌታው ወዴት ወረደ» አሉ። ከጎናቸው ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው። የጋዝጊብላዎቹ ገበያተኞች አንተን በዓይናቸው አይተውህ አያውቁም፤ ግን የራሳቸው ያልተለቀሰለት ሰው በየቤታቸው ነበርና ደረታቸውን ደቁ። አደባባዩ ሙሉ አለቀሰ። ያንተ ስም ከእናትህ አፍ በፀሐይ ወጣ፤ ኪሮስ፣ ኪሮስ፣ እየተባለ ተዞረ። እኔም አለቀስኩ። እንደዚያ የሚያህል ጩኸት ውስጤ እንደነበረ አላውቅም ነበር።

ካድሬው ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣ ነውና ኽምጥኛ አይሰማም። መጀመሪያ ከዘፈኑ ጋር አጨበጨበ። ቆይቶ ነገሩ አላምር አለው፤ ግን አደባባይ ሙሉ ሰው አይታሰርም። ድምፅ ማጉያውን ይዞ «የሰቆጣ ሕዝብ ደስታውን በእንባ በመግለጽ ላይ ይገኛል» አለ። ወደ በላይም እንደዚያው ተላልፏል ይባላል።

በማግሥቱ ሦስቱም ቤቴ መጡ። ወንበር አላቀረብኩም፤ እነሱም አልጠበቁም፣ መሬት ተቀመጡ። ጋሽ ባየን «ሆነ ብለው ነው ወይ እንደዚያ ያዞሯት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሞተር ካልተነሣ ይገፋል፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ጋቢዬን ማን እንዳዘቀዘቀው ግን አላውቅም» አሉ። ሐጂ ሰይድ «ኪሮስ ቢያያት ‹ክብደት ለበሬ ነው› ይለን ነበር» ሲሉ መሪጌታ ከንፈራቸውን መጠጡና «ድምጿን ሳልሰማ ቀረሁ» አሉ። በሰው ፊት ስምህን ሲጠሩ ያን ቀን መስማቴ ነው። ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ አንዱ ሕይወቱን ከፍሎላቸው ሦስት ሰዎች በሕይወት ሲኖሩ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። እናትህ ግን ውኃ ሰጧቸው፣ እግዜር ያጥናችሁ ተባባሉ። ያን ሌሊት እናትህን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኔ ጥቁር ለበስኩ። ሊቀመንበሩ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ለማን ነው?» አለኝ። «ለባሌ» አልኩት። ሌላ ነገር እስክጨምር ሲጠብቅ ጠመኔዬን አንሥቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ እስካሁን አልተጠራሁም፤ ነገ ከጠሩኝም የምመልሰው ያንኑ ነው።

ሞተሯ የገባችበት ቀን በየዓመቱ እንዲከበር ተወስኗል። ይከበር። ቀንህን ስላልሰጡን ያንን ቀን ያንተ አድርጌዋለሁ። ሰልፍ ሲጠሩን ማንም ሳይነዳን ቀድመን እንወጣለን፣ እናትህ፣ እኔና ትርሐስ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኛ እጃችንን አናነሣም። ልጅህ «ለምን አናጨበጭብም?» ስትለኝ ስምህን፣ ሥራህን፣ በምን እንደሞትክ እነግራታለሁ፤ በሹክሹክታ አይደለም።

ሚስትህ አልጋነሽ