በአርባ ሁለት ዓመታቸው አፍ የፈቱት እናታችን

እናታችን በ1947 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ስድስት ወንድሞች ስለቀደሟቸው በቤቱ ወሬ በወረፋ ነበር፤ ወረፋው እሳቸው ጋ ሳይደርስ እራት ያልቃል። ዝም ማለትን እዚያው ለመዱ።

በ1966 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቀው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ። እጃቸው ሲያዩት የሚያስቀና፣ አፋቸው ግን የተቆለፈ ስለነበር ሠራተኛው “እትዬ ጭጭ” አላቸው። የአውቶቡስ ሹፌሩ አባታችን በ1970 ዓ.ም. ያገቧቸው ሦስት ጊዜ ጠይቀው ነው፤ ሁለቱን ጊዜ ዝምታቸው እምቢታ መስሏቸው ተመልሰዋል።

በ1989 ዓ.ም. ከፈትል ክፍሉ ማከፋፈያ ሳጥን የመቃጠል ሽታ መጣባቸው። ለአለቃቸው “ይሄ ነገር ደስ አላለኝም” ብለው አለፉ። አለቃው የፈረቃ ቅሬታ መሰላቸው። በማግስቱ ሳጥኑ ነደደና የአንዲት ፈታይ እጅ ተቃጠለ። እናታችን ሊጠይቋት ሆስፒታል ሲሄዱ ልጅቷ፣ “አውቀው ነበር አሉ። ታዲያ ምነው በግልጽ ቢናገሩ?” አለቻቸው።

ቃሏ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። ፋብሪካው የተግባቦት ሥልጠና ሲያዘጋጅ ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆመው፣ “ያየሁት ይህ ነው፤ የሚያሰጋኝ ይህ ነው፤ ይህ ይደረግልኝ” እያሉ ይለማመዱ ነበር። እኛ ልጆቻቸው በበሩ ቀዳዳ እያየን በሳቅ እንፈርሳለን።

አንድ ቀን አባታችን እንደ ልማዳቸው “ተቆጣሽ እንዴ?” ሲሏቸው፣ “አልተቆጣሁም፤ ደክሞኛል። ሳህኑን አንተ እጠብልኝና መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥ” አሉ። አባታችን ከድንጋጤያቸው የታጠበውን ሳህን ደግመው አጠቡ! “እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት የተቆጣሽ መስሎኝ!” ብለው ሲስቁ፣ ቤታችን ያን ቀን እንደ አዲስ የተገባበት ቤት ሆነ።

በ1992 ዓ.ም. እንግዶች በተጠሩበት ቀን ሥራ አስኪያጁ አዲሱን የማቅለሚያ ማሽን አስነሡ ሲሉ እናታችን ማብሪያው ፊት ቆሙ። “የመሬት ሽቦው ተበጥሷል፤ ሲበራ ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ ብረት ይሻገራል። ማሽኑን የነካ ሰው ይሞታል። ማንም እንዳያበራው!”

“እንግዳ ፊት?” አሉ ሥራ አስኪያጁ።

“እንግዳውንም ይጨርሰዋል፣ ጌታዬ።”

ሲፈተሽ እውነት ሆነ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ያቺ ፈታይ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ በኋላ የደህንነት ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ፣ “ሰው ሲያናግርህ መፍቻህን አስቀምጥ፤ ጆሮ ከእጅ ጋር ሥራ አይጋራም” ይሉ ነበር።

በመጨረሻ በልብ ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆዩ። አልጋቸው አጠገብ አንድ በአንድ እየጠሩ ለእያንዳንዳችን የልባቸውን ነገሩን። ለታላቋ ልጃቸው፣ “አንቺን ሳረግዝ ፈርቼ ነበር፤ ፊትሽን ሳይ ግን ሳቅሁ” አሏት። ለአባታችን ያሏቸውን አባታችን እስከ ዛሬ አልነገሩንም፤ ሲጠየቁ ፈገግ ይላሉ።

ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ይቀበል፤ እኛንም ሳይመሽብን ተነጋግረን የምንፋቀር ያድርገን።